ልጃችሁን በደብተር እንዴት ትከታተላላችሁ? ከ3 እስከ 6 ዓመት ላሉ ልጆች

ልጄ አራት ዓመት ከሰባት ወሩ ነው። የምንኖረው ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ ነው። የዛሬ ዓመት ገደማ ጤና ጣቢያ ይዤው ሄጄ ነርሷ «ሁለት ሦስት ቃል አገጣጥሞ መናገር የጀመረው መቼ ነው?» ስትለኝ አፌ ተሳሰረ። እናቱ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ አብሬው ነኝ፣ ግን አላውቅም። «ቆየ» አልኳት። «ቆየ» የሚባል ነገር የሚጻፍበት ቦታ ካርዱ ላይ የለም መሰለኝ፣ ዝም ብላ አየችኝ። ስመለስ መንገድ ላይ ደብተር ገዛሁ።

ይህ መመሪያ ከዚያ ደብተር የወጣ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ሐኪሙ ሲጠይቃችሁ መልስ እንዲኖራችሁ ነው የምጽፈው።

1. ደብተሩ

ባለ 50 ሉክ የተማሪ ደብተር በቂ ነው። እስክሪብቶውን በክር እሰሩበት፣ ምክንያቱም ትንሽ ልጅ ባለበት ቤት እስክሪብቶ ከማግኘት ወርቅ ማግኘት ይቀላል። የእኔ ብፌው ላይ ነው የሚቀመጠው፣ እሱ እንዳይደርስበት።

ደብተሩን ብገዛም መጀመሪያ አካባቢ አንዳንዱን ስልኬ ላይ ነበር የምጽፈው። ከዚያ አንድ ቀን ስልኩን ባጃጅ ውስጥ ረሳሁትና የአራት ወር ማስታወሻ አብሮ ሄደ። ስልክ ለቪዲዮ ይሁን። አነጋገሩን፣ አሯሯጡን በወር አንዴ አንድ ሁለት ደቂቃ ቅረጹ፣ የጽሑፍ ነገር ግን ወረቀት ላይ።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ የተወለደበት ቀን፣ ሲወለድ የነበረው ክብደት፣ ክትባት የወሰደባቸው ቀናት ይግቡ። የዘመድ ነገርም ጻፉ፦ ግራኝ ማን አለ፣ መነጽር በልጅነቱ የጀመረ አለ ወይ፣ ዘግይቶ አፉን የፈታ አጎት አለ ወይ። ኋላ ይጠየቃል።

ዕድሜውን ስታሰሉ አትሳሳቱ። በእኛ ዘመን አቆጣጠር ጥቅምት 12 የተወለደ ልጅ ወር የሚሞላው በየወሩ 12 ላይ ነው፣ ጳጉሜን እንደ ወር አትቁጠሯት። እኔ ቆጥሬያት ልጄን አንድ ወር አስረጅቼው ነበር። በዚህ ዕድሜ ሦስት ዓመት ከአንድ ወር እና ሦስት ዓመት ከአሥር ወር በጣም ይለያያሉ፣ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ማስታወሻ ጎን ዕድሜውን በዓመትና በወር አስፍሩ።

2. ያያችሁትን ጻፉ

ደብተሩ የሚጠቅመው ወይም የማይጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ገጼ እንዲህ ይላል፦ «ዛሬ ሲረብሽ ዋለ።» «ዛሬ ጎበዝ ነበር።» አሁን ሳነበው ምን እንዳደረገ ምንም ትዝ አይለኝም። የተጻፈው የእኔ ስሜት ነው፣ የእሱ ነገር የለበትም።

አሁን እንዲህ ነው የምጽፈው፦ «ምሳ ላይ ከመሶቡ አራት ጊዜ ተነሳ። ሁለቴ ድመቷን ሊያይ፣ አንዴ ውሃ ሊጠጣ፣ አንዴ ዝም ብሎ ዞሮ ተመለሰ። አራተኛው ላይ ሳልጠራው መጥቶ ተቀመጠ።» ይህ ከስድስት ወር በኋላም ይናገራል። ያኔ አራት ጊዜ የተነሳ ልጅ አሁን አንዴ ብቻ ከተነሳ ለውጡ በዓይን ይታያል።

ንግግሩን እንዳለ ጻፉ፣ አታርሙት። አንድ ጠዋት ከጓዳ ሆኖ «እማ፣ ምጪ!» ብሎ ጮኸ። «ነይ» ማለቱ ነው። ሳቅኩኝ፣ ከዚያ ቁጭ ብዬ ሳስበው ገረመኝ። ይህን ቃል ከማንም ሰምቶት አያውቅም፣ ማንም አይለውማ። ወጣ ሲል ውጪ፣ ወረደ ሲል ውረጂ፣ ስለዚህ መጣ ሲል ምጪ ነው ብሎ ራሱ ሠርቶት ነው። ልጅ እንዲህ ሲሳሳት ሕጉን አግኝቷል ማለት ነው። አርሜ «ነይ» ብዬ ብጽፈው ኖሮ ይህ ነገር ይጠፋ ነበር።

በየቀኑ እጽፋለሁ ብላችሁ አትማሉ፣ በሁለተኛው ሳምንት ትተዉታላችሁ። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ ሦስት አራት መስመር ይበቃል። ቀን፣ ሰዓት፣ የት እንደሆነ፣ ምን እንዳደረገ፣ ምን እንዳለ።

3. ቁመትና ክብደት

የተከራየ ሰው ግድግዳ ላይ መስመር አያሰምርም፣ አከራይ አለ። እኔ ከአናጢ ቤት ረዘም ያለ ጣውላ ለምኜ አምጥቼ የልብስ ሰፊ ሜትር ለጠፍኩበት። ቤት ብንቀይርም ጣውላው አብሮን ይሄዳል።

አለካኩ እንዲህ ነው። ጫማ ይውለቅ፣ ጸጉር የተሠራች ልጅ ከሆነች ሹሩባው አናቷ ላይ እንዳይቆለል። ተረከዝ፣ መቀመጫና ጀርባ ጣውላውን ይንኩ፣ ዓይን ፊት ለፊት ይይ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ አናቱ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አሳርፉና አንብቡ። ሁለቴ ለኩ። ሁልጊዜም በአንድ ሰዓት ይሁን፣ ሰው ጠዋት ከማታው ትንሽ ይረዝማልና። በየሦስት ወሩ ይበቃል። በየሳምንቱ መለካት ራስን ማስጨነቅ ነው።

ክብደት ጤና ጣቢያ ወይም ሚዛን ያለበት ፋርማሲ፣ በቀላል ልብስ። አንዴ ከነጃኬቱና ከነቦቲው መዝኜው ኪሎ ጨመረ ብዬ ተደሰትኩ፣ በሚቀጥለው ሲመዘን ቀነሰ ተባለና ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ። የጠፋው ኪሎ ቦቲው ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ላይ መካከለኛው በግምት ይህን ይመስላል፦ በ3 ዓመት 14 ኪሎ እና 95 ወይም 96 ሴንቲ ሜትር፣ በ4 ዓመት 16 ኪሎ እና 103 ሴንቲ ሜትር፣ በ5 ዓመት 18 ኪሎ እና 110 ሴንቲ ሜትር። ሴቶች ከወንዶች በጥቂቱ ያንሳሉ። መካከለኛ ማለት ግን ማለፊያ ነጥብ ማለት አይደለም፣ ከጤነኛ ልጆች ግማሹ ከዚያ በታች ነው። ልጃችሁ በ4 ዓመቱ 14 ኪሎ ተኩል ቢሆንና በየዓመቱ ሁለት ኪሎ ገደማ፣ ስድስት ሰባት ሴንቲ ሜትር እየጨመረ ከሆነ መንገዱን ይዟል። የሚያሳስበው ሦስት ወር፣ ስድስት ወር እዚያው ላይ ሲቆም ወይም ሲወርድ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሰፈር ስትመጣ ክንዱን በዚያ ባለቀለም ጥብጣብ ትለካው። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ የምግብ እጥረት አለ ማለት ነው፣ ከ11.5 ካነሰ ደግሞ ዛሬውኑ ነው የሚኬደው። በየስድስት ወሩ የሚሰጠውን ቫይታሚን ኤ እና የትላትል መድኃኒትም ቀኑን ጻፉ። «ወስዷል መሰለኝ» የሚለው የሁላችንም መልስ ነውና።

4. እጅና እግር

ለዚህ ልዩ አሻንጉሊት መግዛት አያስፈልግም። ጅማ ነው ያለነው፣ ቡና አለ። እኔ ሰፌድ ላይ ጥሬ ቡና ስለቅም ከጎኔ ይቀመጣል። ሦስት ዓመት ከምናምን ሆኖ በመዳፉ ነበር የሚያፍሰው፣ ጥሩውንም ጥቁሩንም ባንዴ። አራት ሊሞላው ሲል በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ አንድ ፍሬ ብቻ ቆንጥሮ አነሳ፣ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየው፣ «ይሄ ተበልቷል» ብሎ ጣለው። ተባይ የቀዳደው ፍሬ ነበር። እኔ አልፌው ነበር። ደብተሩ ላይ ሦስት መስመር ሆኖ ተጽፏል፦ ጣቶቹ እንዴት እንደያዙ፣ ምን እንደለየ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ። ስምንት ደቂቃ ነው የቆየው።

ግን ዓይናችሁን አትንቀሉ። በዚያው ወር አንዷን ፍሬ አፍንጫው ውስጥ ከተታት። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ በወረንጦ ላወጣ ስል ይባስ ወደ ውስጥ ገፋሁት። ጤና ጣቢያ በአንድ ደቂቃ ወጣች። ስለዚህ አትነካኩት፣ ይዛችሁት ሂዱ። ቆሎና ኦቾሎኒም ለዚህ ዕድሜ ስለሚያንቅ ይቅር።

ሌላ የሚታየው፦ በሦስት ዓመት ገደማ አሳይታችሁት ክብ ይስላል። ከዚያ ክቡ እግር ያበቅላል፣ ራስና እግር ብቻ ያለው ሰው ይመጣል፣ ሆድ የሌለው። ይህ የተለመደ ነው። ሥዕሎቹን ቀን ጽፋችሁ ደብተሩ ውስጥ አስቀምጡ። በአራት ዓመት ትልቅ ኳስ ብዙውን ጊዜ ይቀልባል፣ የሸሚዝ ቁልፍ ይፈታል። መቆለፍና በአንድ እግር መንጠር ወደ አምስቱ ነው። ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ ቆማችሁ እዩ፣ ከየትኛውም ፈተና ይሻላል። መስመር ረገጠ ወይ? በየትኛው እግሩ ነው የሚነጥረው? ተራውን ይጠብቃል?

በሦስት በአራት ዓመት ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ ቢገጥሙ ብዙ ጊዜ በስድስት በሰባት ዓመት ቀጥ ይላሉ። አንዱ እግር ብቻ ከሆነ ወይም ካመመው አሳዩት።

ግራኝነት ላይ ከአማቴ ጋር ተጣልተናል። ልጁ በግራው ነው የሚስለው፣ በግራውም ነው የሚበላው። እሷ እጁን ቸብ ታደርገዋለች። መሶብ ላይ በቀኝ የመብላቱ ወግ ይገባኛል፣ እሱን ቀስ ብሎ ይልመድ። እርሳሱን ግን አትንኩበት ብያለሁ። ተስማምተናል ማለት አይቻልም፣ ግን እጁን መምታት ቆሟል።

5. አነጋገሩ

የእኛ ቤት ሁለት ቋንቋ ነው የሚነገረው። እኔ በአማርኛ፣ አማቴ በኦሮምኛ። እሱም «አኮ፣ ቢሻን ስጪኝ» ይላል፤ አያቱን በኦሮምኛ ጠርቶ ውሃውንም በኦሮምኛ ብሎ «ስጪኝ» ላይ ወደ አማርኛ ይመለሳል። አንድ አስተማሪ «ቋንቋ ተቀላቅሎበታል፣ አንዱን ተዉት» ብላኝ ነበር፣ የት እንደሆነ ይቅር። አልተውንም። ሁለት ቋንቋ የሚሰማ ልጅ መቀላቀሉ የተለመደ ነው፣ የመዘግየት ምልክት አይደለም። ቃላት ስትቆጥሩ ግን ሁለቱንም ደምሩ። ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ ብሎ የሚቆጥር ልጅ መቁጠር አይችልም አይባልም።

የምትከታተሉት ይህን ነው። በሦስት ዓመት ስሙን ይናገራል፣ ጥያቄ ጠይቃችሁት መልሶ፣ እናንተም መልሳችሁ፣ ወሬው ሁለት ሦስት ዙር ይሄዳል። በአራት ዓመት አራትና ከዚያ በላይ ቃል ያለው ዓረፍተ ነገር ይሠራል፣ የማያውቀው ሰውም፣ ሱቅ ያለው ልጅም ሆነ የባጃጅ ሹፌሩ፣ አብዛኛውን ይረዳዋል። እኛ እናቶች ጥሩ ፈታኞች አይደለንም፣ የልጃችንን ግማሽ ቃል ሞልተን እንሰማለን። ስለዚህ ሱቅ ላኩትና ራቅ ብላችሁ ቁሙ፣ ባለሱቁ ስንቴ «ምን?» እንዳለው ቁጠሩ። አንዳንድ ድምፅ ቢበላሽ ችግር የለውም። የእኔው ሬዲዮን እስካሁን «ላዲዮ» ነው የሚለው።

በአምስት ዓመት ታሪክ ይነግራችኋል፣ ቢያንስ ሁለት ነገር በቅደም ተከተል፦ እንዲህ ሆነ፣ ከዚያ እንዲህ ሆነ። ማታ ማታ «ተረት ተረት» በሉትና እሱ ያውራ። «የላም በረት» ካለ በኋላ ያለውን ነው የምትጽፉት።

በመሃል መንተባተብ ቢጀምር፣ «እ-እ-እማ» ቢል፣ አትደንግጡ፣ «ቀስ ብለህ» እያላችሁም አታስጨንቁት። በዚህ ዕድሜ ብዙ ልጅ ላይ ይመጣና ይሄዳል። የጀመረበትን ቀን ጻፉ። ስድስት ወር ካለፈው ወይም እየታገለ፣ ፊቱ እየተጨማደደ ከሆነ ለባለሙያ ንገሩ።

6. ትንንሽ ሙከራዎች

ይህን ክፍል ነው የምወደው። የስዊዘርላንዱ ዣን ፒያዤ ስለ ልጆች አስተሳሰብ ብዙ ነገር ያወቀው የራሱን ሦስት ልጆች እያየ ማስታወሻ በመያዝ ነው። እኛም ሳሎናችን ውስጥ እንችላለን።

ሁለት እኩል ብርጭቆ ላይ እኩል ውሃ አድርጉ፣ እኩል መሆኑን እሱ ራሱ ይመስክር። ከዚያ አንዱን እያየ ወደ ረጅምና ቀጭን ጠርሙስ ገልብጡት። «የቱ ይበዛል?» በሉት። የአራት ዓመት ልጅ ጠርሙሱን ያሳያል፣ ብትከራከሩትም አይሰማችሁም። አታርሙ። ስድስት ሰባት ዓመት ሲሆነው ራሱ «ያው ነው እኮ!» ይላችኋል።

ሁለተኛው የብስኩት ፓኬት ነው። ባዶ ፓኬት ውስጥ ባቄላ ጨምሩ። «ምን አለበት?» በሉት፣ «ብስኩት» ይላል። ክፈቱለት፣ ባቄላ። ዝጉት። አሁን «አያትህ ገና አላየችውም። መጥታ ፓኬቱን ብታይ ምን አለበት ትላለች?» በሉት። ልጄ በሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወሩ በሙሉ ልብ «ባቄላ» አለ። እሱ ያወቀውን ሁሉም ሰው የሚያውቀው ይመስለዋል። በአራት ዓመት ከአምስት ወሩ ደግሞ ገና ሳልጨርስ «ብስኩት ትላለች! ትሸወዳለች!» ብሎ ተንከተከተ። በዚያው ሳምንት ስኳር በልቶ፣ ከንፈሩ ላይ እያብረቀረቀ፣ «ድመቷ ናት» አለኝ። የመጀመሪያው ደህና ውሸት። ሁለቱ አንድ ላይ መምጣታቸው ያለ ነገር አይደለም፣ ሌላው ሰው የማያውቀው ነገር እንዳለ የገባው ልጅ ነው የሚዋሸው። ተቆጣሁት፣ ግን ጓዳ ገብቼ ጻፍኩት።

አኩኩሉም ያው ነው። የሦስት ዓመቱ ፊቱን በጋቢ ሸፍኖ እግሩን ውጪ ይተዋል፣ «የት ነህ?» ሲሉት «እዚህ!» ይላል።

7. የለቅሶ ሰዓት

ልጁ «አልቃሻ» ከሆነ ለሁለት ሳምንት ለቅሶውን ብቻ መዝግቡ፦ ስንት ሰዓት ላይ፣ ከዚያ በፊት ምን ነበር፣ ስንት ደቂቃ፣ በምን ቆመ። እኔ 11 ለቅሶ መዘገብኩ፣ ስምንቱ ከቀኑ 10 እስከ 12 ሰዓት ባለው መሃል ነበር። ምሳ ስድስት ሰዓት፣ እራት አንድ ተኩል። ልጁ ይራባል፣ ሌላ ምንም የለም። አሁን 10 ሰዓት ላይ ሙዝ ወይም አቮካዶ በዳቦ ይሰጠዋል፣ የሚቀሩት ለቅሶዎች የእውነት ለቅሶዎች ናቸው።

እንቅልፉንም በዚያው ቁጠሩ። ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጅ የቀኑን ጨምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት ነው የሚመከረው። ቴሌቪዥንና ስልክ ተደምሮ በቀን ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ። ክረምት ላይ ጅማ ዝናቡ ሲይዘው ይህ እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ያለፈበትን ቀን ሳትዋሹ ጻፉና እለፉ።

8. ሐኪም ጋ የሚያስኬድ

ከሁሉ በፊት የሚመጣው ይችለው የነበረውን ነገር ሲተው ነው። ይናገር የነበረ ዝም ካለ፣ ይራመድ የነበረ ደጋግሞ መውደቅ ከጀመረ «ያድጋል፣ ይተወዋል» አትበሉ። ሌሎቹ፦ ስሙን ስትጠሩት አለመዞር፣ ከልጆች ጋር ጨርሶ አለመጫወት፣ በአራት ዓመቱ ባዳ ሰው የማይረዳው ከሆነ፣ አንዱ ዓይን ሸወር ካለ ወይም ቴሌቪዥን ላይ ካልተለጠፈ የማያይ ከሆነ፣ ከጆሮው ፈሳሽ ከወጣ ወይም «እ?» ካበዛ። ማታ አልጋ ላይ መሽናት ግን ከአምስት ዓመት በፊት ብዙ ልጅ ላይ አለ፣ አትምቱት፣ አታሳፍሩት።

መጀመሪያ የሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ካስፈለገ እነሱ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሪፈር ይጽፉላችኋል። ደብተሩን ያዙ። ከመሄዳችሁ በፊት የሚያሳስባችሁን በሦስት መስመር ገልብጡ፣ ማንም 50 ሉክ አያነብላችሁም። ቪዲዮውንም አዘጋጁ፣ ልጅ ሐኪም ፊት ዝም ይላልና። አንድ ክሊኒክ ውስጥ ቀና ብሎ ሳያየው «ምንም የለውም፣ ሂጂ» ያለኝ ባለሙያ ገጥሞኛል። በሌላ ጊዜ ሌላዋ ጋ «ከመስከረም 3 ጀምሮ በሳምንት አራት አምስቴ ቀኝ ጆሮውን ይይዛል» ብዬ አነበብኩላት፣ ወዲያው መብራቷን አንስታ አየችው። ጆሮው አመርቅዞ ነበር።

9. ከጎረቤት ልጅ ጋር

ደብተሩ ላይ የሌላ ልጅ ስም አይግባ። የጎረቤቴ ልጅ በሦስት ዓመቷ ሀሁን ትዘልቃለች፣ እናቷም ቡና ላይ ታስዘልቃታለች። እኔ ቤት ገብቼ የእኔን ገጽ ወደ ኋላ እገልጣለሁ። ሐሙስ፣ ገበያ ስለሆነ ቤቱ ጭር ሲል፣ በወር አንዴ ካለፈው ወር ጀምሬ አነባለሁ፣ አዲስ ያየሁትን ከሥር አሰምርበታለሁ። አሥር ደቂቃ ነው የሚወስደው።

ደብተሩ ሲያልቅ ሽፋኑ ላይ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ ጻፉና ሁለተኛውን ጀምሩ። የእኛ ሁለተኛው ባለፈው ሳምንት ተጀምሯል። የመጀመሪያውን ገጽ እሱ ቀደመኝ፣ ብፌው ላይ በበርጩማ ወጥቶ አውርዶ። አራት ዓመት ከሰባት ወር፣ በግራ እጅ፣ ሰማያዊ እስክሪብቶ፦ አንድ ሰው። ራስ አለው፣ እግር አለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ደግሞ ሆድ አለው፤ ሆዱ መሃል ላይ ክብ ነጥብ። «ይሄስ ምንድነው?» አልኩት። «እምብርቱ ነዋ» አለኝ።